ስንኝ ሰጪና ስንኝ ተቀባይ፦ የጎንደር አዝማሪ ሙያ

(መግቢያ፦ ማሲንቆ፣ በትዝታ ቅኝት። ለ15 ሰከንድ ከፍ ብሎ ይሰማና ከንግግሩ ሥር ዝቅ ይላል።)

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ ዘፈን ነው። የዘፋኞችን የሕይወት ታሪክ ልንተርክ አይደለም፤ እሱ በሌላ ቀን ይደርሳል። ዛሬ የምናየው የጎንደር አዝማሪ ዘፈኑን እንዴት እንደሚሠራውና ከማን ጋር እንደሚሠራው ነው።

ከማን ጋር የሚለው ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙዎቻችን ዘፈን ሲባል የምናስበው ገጣሚ ግጥሙን ሲጽፍ፣ ሌላ ሰው ዜማ ሲያወጣለት፣ ዘፋኝ ሲያዜመው፣ ከዚያ እኛ ስንሰማው ነው። ስቱዲዮ ውስጥ ነገሩ እንዲሁ ነው። የአዝማሪ ቤት አሠራር ግን ሌላ ነው። እዚያ አድማጩ ሥራ አለበት።

እስቲ አንድ ማታ በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱት። ጠጅ በብርሌ ቀርቧል። አዝማሪው ማሲንቆውን አንገቱ ሥር ባለው ማንገቻ አንግቶ በወንበሮቹ መሐል ይዞራል፤ ሚስቱ ወይም እህቱ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ እያጨበጨበች ትከተለዋለች። መጀመሪያ ቤቱን በሙሉ ሰላም ይላል፤ ከዚያ አንዱን ጋሼ፣ አንዷን እትዬ እያለ በየተራ ያነሣቸዋል። ድንገት አንዱ እንግዳ እጁን ያነሣና «ተቀበል!» ይላል። አዝማሪው «እሺ!» ይላል። እንግዳው የመጀመሪያውን ስንኝ በንግግር ይናገራል። አዝማሪው ያንኑ ስንኝ ከአፉ ቀምቶ በዜማ ይመልሰዋል። ከዚያ ማሲንቆው ብቻውን ይጫወታል። ይኼ የማሲንቆ ጨዋታ ለጌጥ ብቻ የገባ አይምሰላችሁ፤ ሰጪው ሁለተኛውን ስንኝ እንዲያስብ ጊዜ እየተሰጠው ነው። ጎበዝ አዝማሪ የሰጪውን ፊት ያያል፤ ገና ግራ ገብቶት ከሆነ ጨዋታውን ያስረዝምለታል፣ አገኘሁት ብሎ ከንፈሩ ከተንቀሳቀሰ ወዲያው ያሳጥረዋል። ሁለተኛው ስንኝ ይመጣል፣ ቤቱ ይመታል፣ ሳቅና ጭብጨባ ይሆናል፣ ብሩም አዝማሪው ግንባር ላይ ይለጠፋል።

ዋናው ችሎታ የሚታየው ግን ሰጪው ሲሳሳት ነው። ሰው ሁሉ ገጣሚ አይደለም፤ ሁለት ብርሌ የጠጣ ሰውማ ጭራሹን። ስንኙ አንዲት ቀለም ይጎድለዋል፣ ወይም ሁለት ቀለም ይተርፈዋል፣ ቤቱም አይመታም። አዝማሪው ታዲያ ሲመልሰው አቃንቶ ነው የሚመልሰው። አንዲት «እንጂ» ይጨምራል፣ አንድ ቃል ያጥፋል፣ ግሡን ወደ መጨረሻ ያመጣዋል። ሰጪው የራሱ ስንኝ እንዲህ ያማረ መስሎት ደረቱን ነፍቶ ይቀመጣል። ይህን የሚያስተውለው ጠጋ ብሎ የሚሰማ ሰው ብቻ ነው። በኔ ግምት የሙያው ክብር ያለው እዚህ ላይ ነው፤ የሰውን ስህተት በአደባባይ እያረሙ ሰውየውን አለማሳፈር ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ስንኙ አሠራር እንግባ። ብዙው የአዝማሪ ስንኝ ወል ቤት በሚባለው ልክ ይሄዳል፤ አንዱ ስንኝ ሁለት ሐረግ፣ ሐረጉም ስድስት ስድስት ቀለም ይሆናል። ሁለቱ ስንኞች መጨረሻቸው ላይ አንድ ዓይነት ድምፅ ይመታሉ። ይህ ውጫዊ ልኩ ነው። ውስጡን የሚሞላው ሰምና ወርቁ ነው። ለምሳሌ እንዲሆነን ለዚህ ዝግጅት አንድ ሁለት ስንኝ ገጥሜ መጥቻለሁ፤ ጎበዝ አዝማሪ ቢሰማት ያቃናት ይሆናል።

ቆላ ወርጄ ሳለሁ ማሲንቆ ቢያሰኘኝ፣
ደጋን ትቼ መጣሁ መጫወት ተሳነኝ።

ላይ ላዩን የሚሰማው ሰው ማሲንቆ መቺውን ነው የሚያስበው፤ ደጋኑን ረስቶ ቆላ ወርዷል፣ ያለ ደጋን ደግሞ ማሲንቆ አይመታም። ዳባት ወይም ደባርቅ ተወልዶ መተማ ለጉልበት ሥራ የወረደ ልጅ ግን ሌላ ነው የሚሰማው። ደጋውን፣ ብርዱን፣ እዚያ የቀረችውን ሰው ትቶ መጥቷል፤ ስለዚህ ከሰው ጋር መጫወት አልሆነለትም። አንዲቱ ቃል ሁለቱንም ተሸክማለች። በቅኔ ትምህርት ኅብረ ቃል የሚሏት እሷ ናት።

ቅኔ ካነሣሁ አይቀር፣ ጎንደር ላይ አዝማሪና ደብተራ ጎረቤት ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ለአዝማሪው ዘፈን ፊት ሰጥታ አታውቅም፤ ሁለቱ ግን በአንድ ከተማ፣ በአንድ ቋንቋ፣ በአንድ የሰምና ወርቅ ልማድ ነው ያደጉት። ጎንደር በዓታ የአቋቋም ትምህርት ማዕከል ናት፤ ከበሮው፣ ጸናጽሉ፣ መቋሚያው እንዴት ከዜማው ጋር እንደሚሄዱ ሊማር ከየአገሩ ተማሪ ይመጣባታል። በቀልዳቸው አገር የሚያውቃቸው አለቃ ገብረ ሐና የበዓታ ሊቅ ነበሩ። የተክሌ አቋቋም የሚባለውን ስልት የፈጠሩት እሳቸው ናቸው፤ በደብረ ታቦር አስተምሮ ስሙን ያተረፈበት ልጃቸው ተክሌ ነው። ስልቱን ጣና ዳር ሸምበቆው በነፋስ ሲወዛወዝ አይተው አወጡት ይባላል። የአለቃ ገብረ ሐናን ጨዋታዎች ልብ ብላችሁ ከሰማችሁ፣ ብዙዎቹ ማሲንቆ ቢጨመርባቸው አዝማሪ ቤት የሚሄዱ ናቸው።

(ድምፅ፦ ማሲንቆ ሲቃኝ፤ ክሩ ሲጠብቅና ሲላላ። 10 ሰከንድ።)

አሁን የሰማችሁት ማሲንቆ ሲቃኝ ነው። መሣሪያው ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። አራት ማዕዘን ሆኖ በጥጉ የቆመ የእንጨት ሣጥን አለ፤ ፊቱና ጀርባው በቆዳ ተወጥሯል። በሣጥኑ መሐል አንገቱ ያልፋል፤ ጫፉ ላይ መቃኛው አለ። ክሩ አንድ ብቻ ነው፣ ያውም የፈረስ ጭራ ብዙ ዘለላ ተጠቅልሎ። ቆዳው ላይ ክሩን ከፍ አድርጎ የሚይዘው ትንሽ እንጨት ብርኩማ ይባላል። ደጋኑም በፈረስ ጭራ የተወጠረ ነው፤ ሙጫ ካልተቀባ ክሩ ላይ ይንሸራተታል እንጂ ድምፅ አያወጣም። ጀማሪ ልጅ ማሲንቆ አንሥቶ «ዝም አለኝ» ቢላችሁ ሙጫውን ጠይቁት።

ከጊታር ወይም ከቫዮሊን የሚለየው የጣት አያያዙ ነው። ቫዮሊን ላይ ጣት ክሩን ከእንጨቱ ጋር ያጣብቀዋል። ማሲንቆ ላይ ክሩ ከአንገቱ ርቆ የተወጠረ ስለሆነ ጣት እንጨት አይነካም፤ ክሩን በአየር ላይ ጎኑን ብቻ ይነካዋል። ድምፁ እንደ ሰው ጉሮሮ የሚለሰልሰውና የሚርገበገበው ለዚህ ነው። ክሩ ሳይነካ አንድ ድምፅ ይሰጣል፤ አራቱ ጣቶች አራት ይጨምራሉ። አምስት ሆነ ማለት ነው። የኛ ቅኝቶችም አምስት አምስት ድምፅ ናቸው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። መዳፍ ከቦታው ሳይነቃነቅ አንድ ሙሉ ቅኝት እጅ ውስጥ ይገባል። ባቲና አምባሰል በወሎ ቦታዎች ስም የሚጠሩ ቅኝቶች ናቸው፤ የጎንደር አዝማሪ ግን አራቱንም ይጫወታል፣ ሰርግ ላይ ደግሞ አንቺሆዬን ብዙ ትሰማላችሁ። ከአራቱ ለጆሮ አስቸጋሪው አንቺሆዬ ነው፤ ድምፆቹ አንዳንዱ በጣም ተቀራርቦ አንዳንዱ በጣም ተራርቆ ስለሚቀመጥ የፒያኖ ተማሪ መጀመሪያ ሲሰማው የተሳሳተ ይመስለዋል።

ወደ ታሪኩ ልሻገር። አፄ ፋሲለደስ በ17ኛው መቶ ዘመን ጎንደርን መናገሻ ካደረጓት በኋላ ከተማዋ የነጋሪትና የመለከት ከተማ ሆነች። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ በ1770 ጎንደር ገብቶ ብዙ ወራት ቆይቷል፤ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ስለ አበሻ ሙዚቃ ለእንግሊዛዊው የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊ ለቻርልስ በርኒ ደብዳቤ ጻፈ። በደብዳቤው ስድስት መሣሪያ ይቆጥራል፦ ዋሽንት፣ መለከት፣ ነጋሪት፣ ከበሮ፣ ጸናጽል፣ ክራር የሚመስለውን ባለ ብዙ ክር መሣሪያ። ማሲንቆ የለችበትም። ብሩስ የቆጠረው የጦር ሜዳውን፣ የቤተ ክርስቲያኑንና የመኳንንቱን ግብዣ መሣሪያ ነው፤ በየቤቱ እየዞረ ለምሳ የሚዘፍነውን ሰው የቤተ መንግሥት እንግዳ ከቁጥር ባያስገባው አይገርምም። አዝማሪ ለብዙ ዘመን የተፈለገና የተናቀ ሰው ሆኖ ነው የኖረው። ግብዣ ያለ እሱ አይደምቅም፤ ልጅ ግን አይዳርለትም። ስለዚህ አዝማሪዎች እርስ በርሳቸው ተጋቡ፣ ሌላው የማይሰማው የራሳቸው የምሥጢር ቋንቋም አበጁ። በእንግዳው ፊት ስለ እንግዳው ኪስ በዚያ ቋንቋ ይነጋገራሉ።

ከንቀቱ በላይ ያስፈራው ግን አፉ ነው። አዝማሪ የሰፈሩን ወሬ ከገበያ ወደ ገበያ ያደርሳል፤ ሰው በግልጽ የማይናገረውን በሰም ሸፍኖ ይናገራል። ይህን ጣሊያን ተረድቶት ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም በጣሊያኑ እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፣ የጣሊያን መንግሥት ሊጠፋ ነው የሚል ወሬ ይነዛሉ የተባሉ ጠንቋዮች፣ መተተኞችና ተዘዋዋሪ ዘፋኝ ተራኪዎች እየተያዙ እንዲገደሉ ግራዚያኒ በወሩ አዘዘ። መትረየስና አውሮፕላን ያለው ጦር አንድ ክር የተወጠረበትን ሣጥን የያዘ ሰው ፈራ ማለት ነው። ጎንደር ላይ አርበኛው በሽለላና በቀረርቶ ነበር የሚነሣው፤ ጣሊያን ለመጨረሻ ጊዜ እጁን የሰጠውም እዚሁ ጎንደር ላይ፣ ኅዳር 1934 ዓ.ም ነው።

ከአዝማሪ ጋር እንዳይምታታባችሁ ላሊበላዎችንም በአጭሩ ላንሣ። ላሊበላ ማሲንቆ አይዝም። ገና ሳይነጋ ደጅ ላይ ቆሞ በድምፁ ብቻ ይዘፍናል፣ ብዙ ጊዜ ባልና ሚስት ሆነው፤ የቤቱን ሰው ስም አስቀድሞ ከጎረቤት ጠይቆ ይመጣል። ሲሰጡት ይመርቃል። መዝፈን ካቆምን የሥጋ ደዌ ይይዘናል የሚል እምነት ስለ እነርሱ ይነገራል። ካዋሴ ኢትሱሺ የተባለ ጃፓናዊ አንትሮፖሎጂስት ጎንደር ውስጥ ተከትሏቸው እ.ኤ.አ በ2005 ፊልም ሠርቶላቸዋል። በዓመቱ ደግሞ በጎንደር ጎዳና ማሲንቆ እየመቱ ስለሚያድሩ የአዝማሪ ልጆች ሌላ ፊልም አወጣ። የአዝማሪ ልጆቹ ብዙዎቹ ከጎንደር ከተማ ውጭ ካሉ የአዝማሪ መንደሮች ነው የሚመጡት፤ ቡርቧክስ የምትባለው ከሁሉ ትታወቃለች። ልጁ ትምህርት ቤት ገብቶ ማሲንቆ አይማርም። ከአባቱ ወይም ከአጎቱ ጋር ይዞራል፣ መጀመሪያ ያጨበጭባል፣ ቀጥሎ ይቀበላል፣ ማሲንቆው ሲደክማቸው እሱ ይይዛል። ስንኝ ማቃናቱን የሚማረው እንዲሁ ሲሰማ ነው።

(ድምፅ፦ ማሲንቆ ከጭብጨባ ጋር፣ ፈጣን። 10 ሰከንድ።)

ታዲያ ይህ ሙያ ወደ ካሴትና ወደ መድረክ ሲገባ ምን ሆነ? በደርግ ዘመን በየክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድን ሲቋቋም የጎንደሩ የፋሲለደስ ኪነት፣ የጎጃሙ የግሽ ዓባይ፣ የወሎው የላሊበላ ኪነት ይባሉ ነበር። ቡድኑ የገጠሩን ዜማ በአንድ ልብስ፣ በተለካ ርዝመት፣ በተጠና ግጥም መድረክ ላይ አወጣው። ይህ ጥቅም ነበረው፤ ዘፈኑ ከጠጅ ቤት ወጥቶ አገር አየው። ነገር ግን መድረክ ላይ «ተቀበል» የሚል ሰው የለም። ግጥሙ ቀድሞ ተጽፎ፣ ቀድሞ ተመርምሮ ነው የሚመጣው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የደርግ የሰዓት እላፊ አዋጅ የማታውን ሥራ ለዓመታት አፍኖት ኖረ። አዋጁ ሲነሣ ከ1983 ዓ.ም በኋላ ካዛንቺስ አካባቢ አዝማሪ ቤት በአዝማሪ ቤት ላይ ተከፈተ፤ ብዙዎቹ አዝማሪዎች የጎንደርና የጎጃም ልጆች ነበሩ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የኢትዮጵያን ሙዚቃ ለዓለም ባስተዋወቀበት «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ አልበም ውስጥ ሁለተኛውን ቅጽ ለእነዚሁ የከተማ አዝማሪዎች ነው የሰጠው።

የጎንደር ልጆች በዘመናዊውም ዘፈን ቦታ ይዘዋል። አስቴር አወቀ ጎንደር ተወልዳ፣ አዲስ አበባ አድጋ፣ አሜሪካ ተሻግራ እ.ኤ.አ በ1989 ለንደን ላይ በወጣው አልበሟ የውጭ ሰው ጆሮ ውስጥ ገባች። ከኋላዋ ሳክስፎንና ኪቦርድ ቢኖርም ድምፅዋን ከላይ ወደ ታች ስታንቀጠቅጠው የማሲንቆው ጣት ትዝ ይላችኋል፤ እንደኔ ጆሮ ከሆነ ይህን ማስተባበል ይከብዳል። አዘዞ የተወለደውና መስከረም 2015 ዓ.ም ያረፈው ማዲንጎ አፈወርቅ መንገዱ ሌላ ነበር፤ የኤፍሬም ታምሩን ዘፈኖች እየዘፈነ ነው የታወቀው። አንዱን የቆየ ዘፈን ተቀብሎ በራሱ ጉሮሮ መመለስ፣ በሌላ መልኩ ያው የመቀበል ሙያ ነው።

ስንኝ ሰጥቶ መቀበል የኛ ብቻ አይደለም። መካከለኛው አሜሪካ ውስጥ ፓናማ በምትባለው አገር ገጠሮች ዴሲማ የሚሉት ባለ አሥር ስንኝ ግጥም አለ፤ ስፔናውያን ያመጡት ነው። ሜሆራኔራ ከምትባል ባለ አምስት ክር ትንሽ ጊታር ጋር ይዜማል፤ ሁለት ዘፋኞች ፊት ለፊት ቆመው በግጥም ይሟገቱበታል። ከዚያ ከፍ ብሎ በካሪቢያን ደሴቶች፣ ኩባና ፖርቶ ሪኮ ላይ፣ አድማጩ አንድ ስንኝ ይሰጣል፤ ዘፋኙ ዘጠኙን ስንኝ እዚያው ፈጥሮ በተሰጠው አሥረኛ ይዘጋል። የኛ ሰጪ ከመጀመሪያው ይነሣል፣ የእነርሱ ሰጪ መጨረሻውን ይሰጣል። የእነርሱ ከበድ ይላል፤ ወዴት እንደሚደርሱ እያወቁ መንገዱን መፍጠር ነው። የኛው ደግሞ ወዴት እንደሚሄድ ሰጪውም ሳያውቀው ነው የሚጀመረው። እነርሱ ለዚህ ውድድር ያዘጋጁለታል፣ ሽልማት ያቆሙለታል፣ ልጆች ያሠለጥኑበታል። እኛ ዘንድ ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ማሲንቆን ያስተምራል፤ ስንኝ የመቀበል ፈተና ሲሰጥ ግን ሰምቼ አላውቅም፤ መሰጠት ነበረበት ባይ ነኝ።

አሁን ያለበት ሁኔታ እንዲህ ነው። ነሐሴ 2015 ዓ.ም ጎንደርን ጨምሮ በአማራ ክልል ከተሞች የሰዓት እላፊ ሲታወጅ አዝማሪው ሥራ የሚጀምርበት ሰዓት ተወሰደበት። አዲስ አበባ ላይ ዳንሰኛው መላኩ በላይ ያሳደገው ፈንድቃ የአዝማሪ ቤት በ2017 ዓ.ም ከካዛንቺስ ጋር ፈረሰ። የቀረው ሰርግ ነው፣ ክርስትና ነው፣ የስልክ ቪዲዮ ነው። በስልክ ቀጥታ ሲተላለፍ ባሕር ማዶ ያለ ሰው ስንኙን ጽፎ ይልካል፣ አዝማሪው አንብቦ ይቀበለዋል። እንዲህ ከሆነ ሙያው መልክ ለወጠ እንጂ አልሞተም። አንድ ነገር ግን ይጎድለዋል፤ አዝማሪው የሰጪውን ከንፈር አያይም። ጨዋታውን መቼ ማሳጠር እንዳለበት አያውቅም። ተጽፎ የመጣ ስንኝም ለሁሉ ይታያልና ደበቅ አድርጎ ማቃናት አይቻልም።

ይኼ የኛ ሬዲዮም ጉድለት ነው፤ እኔ ስናገር እናንተ «ተቀበል» ልትሉኝ አትችሉም። ስለዚህ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ቀጥሎ የምናሰማችሁ ጠጅ ቤት ውስጥ የተቀዳ ጨዋታ ነው። ሰጪው ሦስት ጊዜ ስንኝ ይሰጣል። መጀመሪያ ሰጪው የተናገረውን ቃል በቃል ያዙ፤ ቀጥሎ አዝማሪው የመለሰውን ስሙና አስተያዩ። አንደኛውና ሁለተኛው ላይ ምንም አልነካም። ሦስተኛው ላይ የጨመረውን ያገኘ በተለመደው ስልካችን ይደውልልን።

(ድምፅ፦ ቅጂው ሙሉ በሙሉ ይሰማል። 3 ደቂቃ።)